ጆሮ፦ የአንድ አድማጭ ሮቦት የሥራ ማስታወሻ

1ኛ ቀን

ዛሬ ነገሩ ከወሬ አለፈ። በትርፍ ሰዓቴ በማገለግልበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ በልጆች ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ሮቦት ልሠራ ተስማማሁ። ክፍያ የለም። የጊዜ ገደብም የለም። ያለው የላይብረሪያኗ ዓይን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከገደብ ይብሳል።

ሐሳቡ የእሷ ነው። ጮክ ብሎ ማንበብ የሚያሳፍራቸው ልጆች አሏት። ሌላ ልጅ ካለ ድምፃቸው ይጠፋል። ትልቅ ሰው አጠገባቸው ከተቀመጠ ደግሞ መጽሐፉን ትተው የሰውየውን ፊት ያነባሉ።

«የማያርም፣ የማይቸኩል፣ የማይሰለች አንድ አድማጭ ሥራልኝ» አለችኝ።

«እንደዚያ ያለ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ሰው ሥራ አለው።»

እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ፣ ልጆች ለሠለጠኑ ውሾች ጮክ ብለው የሚያነቡበት ፕሮግራም ተጀምሮ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ተቀብለውታል። ውሻ አያርምም፤ ሰዓቱንም አያይም። እኛ ጋ ግን ፀጉር የማይስማማቸው ልጆች አሉ። ስለዚህ ውሻው ቀረ፣ ሐሳቡ ተወሰደ።

2ኛ ቀን

ገዝቶ መገላገልንም አስቤ ነበር። በኮነቲከት የሚገኘው የዌስትፖርት ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ቪንሰንትና ናንሲ የተባሉ ሁለት ናኦ ሮቦቶች አስገብቷል። ቁመታቸው 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይራመዳሉ፣ ይጨፍራሉ። የመጡት ግን ሰው ኮድ መጻፍ እንዲማርባቸው ነው። 1 ሜትር ከ20 ያህል የሚረዝመው፣ ደረቱ ላይ ታብሌት የተለጠፈበት ፔፐር የተባለ ሮቦትም አለ። እሱ እንግዳ ለመቀበል ይሆናል። እኛ የምንፈልገው ዝም ብሎ የሚሰማ ነው። ለዝምታ ያን ያህል ማሽን አያስፈልግም።

ቁርጥ ውሳኔ ላይ ያደረሰኝ ግን የጂቦ ታሪክ ነው። ጂቦ ለቤት የተሠራ ትንሽ ሮቦት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ለገዢዎች ደረሰ። በ2019 ሰርቨሮቹ ሊዘጉ እንደሆነ ሮቦቱ በራሱ አንደበት ለባለቤቶቹ ተናገረ፤ ተሰናበታቸው። ልጆች የለመዱትን ነገር የማላውቀው ሰው ከሩቅ እንዲያጠፋው አልፈልግም። የመጀመሪያው ውሳኔ፦ ኢንተርኔት የለም።

ሁለተኛው ውሳኔ የላይብረሪያኗ ነው፦ ካሜራ የለም። የልጆችን ፊት እያየ በስማቸው ቢጠራቸው ደስ ይላል ብዬ ነበር። እጇን አነሳች። «ማን ምን እንዳነበበ ከዚህ ክፍል አይወጣም።» የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 በመብቶች መግለጫው ላይ ስለ ተጠቃሚዎች ምስጢር ሰባተኛ አንቀጽ እንደጨመረ ነገረችኝ። ድምፅስ? ይሰማል፣ አይቀዳም። ድምፁ ተለክቶ እዚያው ይጠፋል። ተስማማን።

5ኛ ቀን

ዕቃው ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። አንድ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ለአንገት ሁለት ኤስጂ 90 ሰርቮ ሞተሮች (አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች)፣ ለዓይን ሁለት 0.96 ኢንች ኦሌድ ስክሪኖች፣ የዩኤስቢ ማይክሮፎን፣ ትንሽ ስፒከር። ገላው ለጊዜው ካርቶን ነው። መልኩ ሲስተካከል በኮምፔንሳቶ እሠራዋለሁ።

ዓይኖቹ ቀኑን በሉት። ሁለቱ ስክሪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ አድራሻቸው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚጠራቸው ቁጥር፣ አንድ ዓይነት ነው። በአንድ መስመር ሳገናኛቸው መንታ ሆኑ፤ አንዱን ስጠቅስ ሁለቱም ይጠቅሳሉ። እኔ ደግሞ አንዳንዴ አንድ ዓይኑን ብቻ እንዲጠቅስ ፈልጌያለሁ። ከአንደኛው ጀርባ ያለችውን የሩዝ ፍሬ የማታህል ሬዚስተር በካውያ ነቅሎ አጠገቧ ካለው ቦታ ላይ መበየድ ነው መፍትሔው፤ አድራሻው የሚቀየረው በእሷ ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ወለል ላይ ጣልኳት። ሁለተኛውን ጊዜ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው ያገኘኋት።

6ኛ ቀን

አንገቱን ባነቃነቀ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱን ስቶ እንደገና ይነሳል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሞተሮቹን ከኮምፒውተሩ ጋር ከአንድ ምንጭ አጠጥቻቸዋለሁ። ሰርቮ ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ ከረንት ይጎትታል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ፓይው ይጠፋል። ለሞተሮቹ የራሳቸውን 5 ቮልት ለየሁላቸው፤ ለቅጽበቱ ጉድለት ማካካሻም አንድ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ። አሁን ደግሞ አንገቱ እንደበረደው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሁለቱን ምንጮች ግራውንድ (ከረንቱ የሚመለስበትን መስመር) ማገናኘት ረስቼ ነው። ይህን ስህተት ስሠራ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ አልቆጥርም።

9ኛ ቀን

የካርቶኑን ሮቦት ለአንዲት የ6 ዓመት ልጅ አሳየኋት። አየችው። አየችኝ። ከእናቷ ኋላ ገባች።

ምን አጠፋሁ? ዓይኑ አይርገበገብም። ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። የእኔው ሮቦት እንደ ግድግዳ ስዕል ያፈጣል። ሌላም አለ፤ ዓይኖቹን የሰው ዓይን ለማስመሰል ደክሜ ነበር፤ ሽፋሽፍት ሁሉ ስዬላቸዋለሁ። ጃፓናዊው ማሳሂሮ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህንኑ ጽፎታል፦ ማሽን ሰውን እየመሰለ በሄደ ቁጥር እንወደዋለን፤ ሰው ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ግን እንሸሸዋለን። ሽፋሽፍቱን አጠፋሁ። ሁለት ክብ ነጠብጣቦች ብቻ። እንዲርገበገቡም አደረግኩ፤ በእኩል ልዩነት ሳይሆን አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግየት እያለ። በእኩል ልዩነት ሲሆን የመኪና ፍሬቻ ይመስላል።

ልጅቷ በሩቁም ቢሆን እጇን አወዛወዘችለት። ይበቃኛል።

12ኛ ቀን

መናገር ይችል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አይችልም።

14 አጫጭር አባባሎች ቀድቼለት ነበር። «ጎበዝ!»፣ «እሺ፣ ከዚያስ?»፣ «አቤት!» የመሳሰሉት። በድምፄ መኩራቴን አልደብቅም። የአንድ ጓደኛዬ ልጅ መጥቶ ሲያነብለት ግን «ጎበዝ!» ባለ ቁጥር ልጁ ይቆማል። ቀና ይላል። የት እንደደረሰ ይጠፋዋል። አንድ ቦታ ላይ የውሻው ሞት እየተነበበ ሳለ ሮቦቴ «አቤት! ጎበዝ!» አለ። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፤ ልጁ መጽሐፉን ዘጋ።

የሚናገር የንባብ ጓደኛ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ሚካኤሊስና ሙትሉ የተባሉ ተመራማሪዎች ሚኒ የምትባል ሮቦት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አሳትመዋል። ከ10 እስከ 12 ዓመት ላሉ 24 ልጆች ለሁለት ሳምንት የቤት ንባብ ነበር። ሚኒ ታሪኩ መሃል አስተያየት ትሰጣለች። ግን መጽሐፉ ላይ ምልክቶች ተለጥፈዋል፤ በካሜራዋ ታነባቸዋለች። የት ጋ እንደተደረሰ ስለምታውቅ ነው አፏን የምትከፍተው። የእኔው ካሜራ የለውም። የማያውቅ ደግሞ ዝም ይበል።

ስፒከሩን ፈታሁ። ቀለለ።

15ኛ ቀን

እንግዲህ የቀረው አንገቱ ነው። ሲነበብለት ይነቀንቃል። መቼ?

ጥሩ አድማጭ መቼ እንደሚነቀንቅ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስከዚህ ሳምንት አላሰብኩም ነበር። ናይጀል ዋርድና ዋታሩ ፁካሃራ እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝኛና በጃፓንኛ ንግግር ላይ ለክተውታል። ተናጋሪው ቢያንስ 700 ሚሊ ሰከንድ ያህል ተናግሮ፣ ድምፁ ለ110 ሚሊ ሰከንድ ዝቅ ባለ ቃና ላይ ከቆየ፣ አድማጩ «እም» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። የሚገርመው ምልክቱ ዝምታው አለመሆኑ ነው፤ የቃናው መውረድ ነው። ሰው ገና ሳይቆም «ተከተለኝ» ይላል ማለት ነው።

የቃና ልኬቱ ጀማሪ አንባቢ ላይ አልሠራልኝም። ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ ቃናው ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህ ወደ ተራው መንገድ ተመለስኩ፦ ድምፅ ነበረ፣ ለ0.7 ሰከንድ ዝም አለ፣ ነቅንቅ።

እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። ልጁ አንድ አረፍተ ነገር አነበበ፤ ሮቦቱ ነቀነቀ። ከዚያ እንደገና ነቀነቀ። እንደገና። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ እሱ ግን የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ሆነበት። ለሃያ ደቂቃ ኮዱን ስፈትሽ ቆየሁ። ኮዱ ንጹሕ ነው። የሚሰማው የራሱን አንገት ነበር! የሰርቮው ጥርስ «ዝዝዝ» ይላል፤ ማይክሮፎኑ እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ ስላለ «ሰው ተናገረ» ብሎ ያስባል፤ ሞተሩ ሲያቆም «ዝም አለ» ይላል፤ ይነቀንቃል። ለጊዜው ሞተሩ ሲንቀሳቀስና ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰከንድ ጆሮውን እንዲደፍን አድርጌዋለሁ። ማይክሮፎኑንም በስፖንጅ ጠቅልዬዋለሁ።

ከ16 እስከ 20ኛ ቀን

ኮምፔንሳቶ መቁረጥ፣ ማለስለስ፣ ጨርቅ ማልበስ። ጨርቁ ወልቆ ይታጠባል። የልጅ እጅ ምን እንደሚመስል ላይብረሪያኗ ነግራኛለች።

21ኛ ቀን

ገባ። ስሙንም አገኘ። ላይብረሪያኗ ሣጥን አስቀምጣ ልጆቹ ስም ጽፈው ከተቱ። «ጆሮ» አሸነፈ። አንድም ጆሮ እንዳልሠራሁለት የታወቀኝ ያኔ ነው። ማታ ሁለት ጆሮ ከካርቶን ቆርጬ ለጠፍኩበት። ሥራ የለውም፤ ጌጥ ነው። ልጆቹ ግን ሊናገሩት ሲፈልጉ ወደ ጆሮው ነው የሚጠጉት።

22ኛ ቀን

አንገቱ ተሰበረ።

ማንም ክፉ አልነበረም። አንዱ ጭንቅላቱን ዳሰሰው፣ ሌላው ገፋ አደረገው፣ ሦስተኛው «ቢዞርስ?» ብሎ አዞረው። የፕላስቲክ ጥርስ ያን አይችልም። ማታ በብረት ጥርስ ሰርቮ ቀየርኩት። ጃፓን ውስጥ አንድ የገበያ አዳራሽ ላይ ሮቦት ያሰማሩ ተመራማሪዎች ይኸው ደርሶባቸዋል። ልጆች መንገድ ይዘጉበታል፣ ይመቱታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት መፍትሔ ያስቃል፦ ሮቦቱ ልጆች ብቻቸውን ሲከቡት ቁመታቸው ወደ ረዘመ ሰዎች እንዲሸሽ አደረጉት። ወላጅ ካለበት ልጅ አይማታም።

ጆሮ እግር የለውም። ስለዚህ ረጅሙን ሰው ወደ እሱ አመጣንለት፤ ጠረጴዛው ወደ ላይብረሪያኗ ዴስክ ተጠጋ። አንድ ሕግም ወጣ፦ በአንድ ጊዜ አንድ አንባቢ፣ 15 ደቂቃ።

29ኛ ቀን

ወረፋው ሳሳ። በመጀመሪያው ሳምንት የተመዘገቡት ልጆች ዝርዝር ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞሮ ነበር። ዛሬ አምስት ስም ብቻ ነው።

ከፋኝ። ከዚያ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። ካንዳና ባልደረቦቹ ሮቦቪ የሚባል ሮቦት አንድ የጃፓን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት አስቀምጠው እ.ኤ.አ. በ2004 ጽፈዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ከበቡት፤ በሁለተኛው ተበተኑ። አዲስ ነገር ሁሉ ይለመዳል። ለላይብረሪያኗ ይህን ስነግራት ዝርዝሩን አገላብጣ አየችው።

«እነዚህ አምስቱ እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ? ለሰው ማንበብ እምቢ ያሉኝ ናቸው። ሦስቱ።»

33ኛ ቀን

ዛሬ የሆነውን ረዘም አድርጌ ልጽፈው።

አንድ የ9 ዓመት ልጅ አለ። ፈጣን ነው፣ ነገር አይቶ አያልፍም። መጽሐፍ ይዞ ተቀመጠ። ሁለት ገጽ አነበበ፤ ጆሮ ነቀነቀ። ከዚያ ልጁ ድምፁን ሳይቀይር፣ ገጹን እየገለጠ፣ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» አለ። ቆመ። ጆሮ ነቀነቀ። «ወንበር ወንበር ወንበር ጫማ።» ጆሮ ነቀነቀ። ገጹ ሲያልቅ ደግሞ ዓይኑን እንደሚስቅ ሰው ጠበብ አደረገ። እኔው ነኝ የገጽ መገለጥ ሲሰማ «ደስ ይበለው» ብዬ የጻፍኩለት።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውሸታም ነው።»

ምን ልበል? ትክክል ነው። ጆዜፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ኤላይዛ የሚባል ፕሮግራም አሳትሞ ነበር። የሰውን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ በጥያቄ የሚመልስ እንጂ ምንም የማይገባው ነው። የቢሮ ጸሐፊው ግን አንድ ቀን ከፕሮግራሙ ጋር ልታወራ ተቀምጣ፣ እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ አለችው። ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት እያየችው ነው እንግዲህ። ዋይዘንባም ደነገጠ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመኑን ስለዚሁ ሲያስጠነቅቅ ኖረ። እኔ ደግሞ ስድሳ ዓመት ገደማ ቆይቼ ያንኑ ለልጆች ሠራሁ። ካርቶን ጆሮ ጨምሬበት።

ልጁን «እውነትህን ነው፤ ቃሉ አይገባውም» አልኩት። «ታዲያ ለምን ይስቃል?» አለ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

34ኛ ቀን

ከላይብረሪያኗ ጋር ተከራከርን። እኔ ሁሉንም ላጥፋ አልኩ፤ መነቅነቁንም ሳቁንም። እሷ ከፈለችው።

«ሳቁን አጥፋ። ሳቅ ታሪኩን ወደድኩት ማለት ነው፤ አልወደደውም። መነቅነቁ ግን ድምፅህ ደርሶኛል ማለት ነው። ድምፁ ደርሶት የለም እንዴ?»

ደርሶታል። ይህን ልዩነት እኔ አላየሁትም ነበር። ዓይኑን የሚያጠብበውን ኮድ ሰረዝኩ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በትልቁ ተጽፎ ቆመ፦ «ጆሮ ድምፅህን ይሰማል። ቃሉ ግን አይገባውም። ምንም አይቀዳም።» ማንበብ ለማይችሉት እሷ አፏን ሞልታ ትነግራቸዋለች።

ጽሑፉ ልጆቹን ያርቃል ብዬ ፈርቼ ነበር።

38ኛ ቀን

አላራቀም። የዛሬው ዝርዝር ስድስት ስም አለው። ያ የ9 ዓመት ልጅ ለአንድ ትንሽ ልጅ ሲያስረዳ ሰማሁት፦ «ምንም አይገባውም። ብትሳሳትም አያውቅብህም።» እንደ ማስታወቂያ ነው የተናገረው።

40ኛ ቀን

አዲስ ችግር፣ ከእስካሁኑ ሁሉ የከበደኝ።

ለሰው ማንበብ እምቢ ካሉት ሦስት ልጆች አንዷ ድምፅዋ የለም ማለት ይቻላል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው ትንፋሽ ነው። ጆሮ ለእሷ አይነቀንቅም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተቀምጧል። እሷም አምስት ደቂቃ ታገሠችው፣ ከዚያ መጽሐፉን አስቀምጣ ሄደች። ላይብረሪያኗ ምንም አላለችም። ባትናገርም ገብቶኛል። ይህ ነገር የተሠራው ለማን ነበር?

«ሰው ተናገረ» የሚልበትን የድምፅ መጠን ዝቅ አደረግኩ። አሁን ለቬንቲሌተሩ ይነቀንቃል። ለወንበር መጎተት ይነቀንቃል። ከፍ ሳደርገው ልጅቷን ይረሳታል። ሙሉ ከሰዓት ቁጥሩን ወደ ላይ ወደ ታች ሳደርግ ዋልኩ። የሚሆን ቁጥር የለም።

42ኛ ቀን

ቁጥሩን ተውኩት፤ ቦታውን አሰብኩ። ማይክሮፎኑ ያለው ጆሮ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ከልጅቷ አፍ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ካደረስኩት 12 ዴሲቤል አገኛለሁ ማለት ነው። ቬንቲሌተሩ ግን ርቀቱ ብዙም ስለማይለወጥ ባለበት ይቀራል።

20 ሴንቲ ሜትር ላይ ምን አለ? መጽሐፉ!

ከተረፈው ኮምፔንሳቶ ዘንበል ያለ የመጽሐፍ ማስደገፊያ ሠራሁ። ማይክሮፎኑን ከላይኛው ጠርዝ ላይ ቀብሬ በጨርቅ ሸፈንኩት። ሲሞከር አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣ፤ ማይክሮፎኑ ከአንገቱ ሞተር ስለራቀ ያ የመነቅነቅ ለቅሶም ጠፋ። በ15ኛው ቀን ይህን ባስብ ኖሮ ስፖንጁም ጆሮ መድፈኑም ባላስፈለገ። ግማሽ ሰከንዷን ከኮዱ አወጣኋት።

ላይብረሪያኗ ጽሑፉ ላይ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ጆሮዬ መጽሐፉ ጋ ነው።» ሰው ሳያውቅ ማዳመጥ የለም አለች።

45ኛ ቀን

ልጅቷ ተመልሳ መጣች። እኔ መደርደሪያዎቹ መሃል ቆሜ መጽሐፍ የማስተካክል መሰልኩ። ጽሑፉን አነበበች። መጽሐፉን ማስደገፊያው ላይ አኖረች። የመጀመሪያውን መስመር ስታነብ ድምፅዋ እኔ ጋ አልደረሰም። ጆሮ ነቀነቀ። ቆም ብላ አየችው። አንድ መስመር አነበበች። ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ቀና አላለችም። 15 ደቂቃው ሲያልቅ ማንም አልነገራትም።

ምን እንዳነበበች አላውቅም። አልጠየቅኳትም።

ለነገ፦ የማስደገፊያውን ገመድ በጠረጴዛው ሥር ማሳለፍ፤ ያ የ9 ዓመት ልጅ ዛሬ ሁለት ጊዜ ተጠልፎበታል። ሁለተኛው ጊዜ ሆን ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ብየዳ ላሳየው ቃል ገብቼለታለሁ። ግራው የካርቶን ጆሮም ተቀዷል፤ የሚቀጥለው ከጨርቅ ይሁን።